ጣፊያ የሌለው ወንድማችን



ብዙዎቻችን «ጣፊያ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያገኘነው ከባዮሎጂ መጽሐፍ ሳይሆን ከኪታብ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ከሚቀሩት አጫጭር ኪታቦች አንዱ በሆነው በአቡ ሹጃዕ ውስጥ፣ ስለ አደንና ስለ እርድ በሚያወራው ክፍል፣ ሳይታረዱ ከሚበሉት ከዓሣና ከአንበጣ ቀጥሎ፣ ደም ሆነው ሳለ ሐላል የተደረጉልን ሁለት ነገሮች ይቆጠራሉ፤ ጉበትና ጣፊያ። ነገሩ በኢብኑ ዑመር በኩል በተላለፈ ሐዲስ ላይ የቆመ ነው። ኡስታዛችን «ጢሓል» የሚለውን ዐረብኛ «ጣፊያ» ብለው ተርጉመው አለፉ፤ እኛም በቃላችን ይዘን አለፍን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ጣፊያ ከጨጓራ ጎን በአንድ ቀስት የተመለከተ የሥዕል ጥግ ነበር። ለፈተና የሚመጣው ልብና ኩላሊት ነው።

ጣፊያን በደንብ ያወቅነው ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ የዶርማችን ልጅ በደም በሽታ ምክንያት ጣፊያው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ሲወሰን ነው። ይህን የምንጽፈው እሱ ፈቅዶልን ነው፤ «ስሜን ተዉት እንጂ ሌላውን ሁሉ ጻፉት» ብሎናል። መጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። እኛ አራት የኢንጂነሪንግ ልጆች ዘንድሮ ተመራቂ ነን። እሱ በሕመሙ ምክንያት ዊዝድሮው ሞልቶ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ስለቀረ ከእኛ በኋላ ግቢ ውስጥ አንድ ዓመት ይቆያል። ከመስከረም ጀምሮ አብረውት የሚያድሩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የምናውቀውን ሁሉ ማወቅ አለባችሁ።

ነገሩ የጀመረው በሲዋክ ነው። ሁለተኛ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ለፈጅር ውዱእ ሲያደርግ የሲዋኩ ጫፍ በደም እየቀላ መጣ። ከዚያ እግሩ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች ወጡ። በዶርም ኑሮ እግር ላይ ነጥብ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ትኋኑም ቁንጫውም አለ። እነዚህ ግን አያሳክኩም፤ በጣት ሲጫኗቸውም አይጠፉም። ትኋን የነከሰውን ቦታ ሲጫኑት ቅላቱ ለጊዜው ይሸሻል፤ ከደም ሥር ወጥቶ ቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ግን የትም አይሸሽም። ይህችን ልዩነት ያዙልን፤ ለሌላም ሰው ትጠቅማለች። እሱን ያሳሰበው ግን ሌላ ነበር። ድዱ ሲደማ ውዱኡ ይፈርስ እንደሆነ ኡስታዝ ጠየቀ። ኡስታዝ በሻፊዒይ መዝሀብ እንደማይፈርስ፣ አፉን ግን ከደሙ እንዲያጠራ ነገሩትና «አሁን ከዚህ ተነስተህ ክሊኒክ ትሄዳለህ» አሉት።

የደም ቆጠራው ፕሌትሌቱን 9 ሺህ አለው። ፕሌትሌት ደም ሲፈስ ቀዳዳውን የሚደፍን የሴል ቁራጭ ነው፤ ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይኖረዋል። አንዳንዴ ፕሌትሌቶች ቱቦው ውስጥ እርስ በርስ ሲጣበቁ ማሽኑ አሳንሶ ስለሚቆጥር ደሙ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ታየ። እውነትም የሉም። ሪፈር ተጻፈለትና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ ወባ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የወሰደው መድኃኒት ካለ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተጣራ። በመጨረሻ ከዳሌው አጥንት መቅኔ ተወሰደ። መቅኔው ፕሌትሌት ይሠራል፤ ደህና አድርጎ ይሠራል። ፋብሪካው ሳይቆም ዕቃው ገበያ ላይ ይጠፋል ማለት ነው።

በሽታው ኢሚዩን ትሮምቦሳይቶፔኒያ ይባላል፤ ሐኪሞቹ በአጭሩ «አይቲፒ» ይሉታል። የሰውነት የመከላከያ ኃይል በራሱ ፕሌትሌቶች ላይ አንቲቦዲ ይለጥፋል። አንቲቦዲ የተለጠፈበት ነገር ደግሞ ጣፊያ ሲደርስ እንደ ጠላት ተይዞ ይበላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዶርም አብሮት የሚያድር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ አስቀድመን ተናገርን።

እስቲ ስለ ጣፊያ ራሱ ትንሽ እናውራ። በግራ ጎን ከጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ የተቀመጠ፣ ጡጫ የሚያህል፣ 150 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው፤ እንደ ስፖንጅ ደም የሞላበት ነው። እኛን እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ የማረከን ወንፊቱ ነው። ቀይ የደም ሴል ወርዱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ይሆናል። ጣፊያ ውስጥ የሚሾልክባቸው ስንጥቆች ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይጠባሉ። ወጣቱ ሴል እንደ ላስቲክ ተጣጥፎ ያልፋል። 120 ቀን ገደማ የኖረና የደረቀ ሴል ግን መታጠፍ ስለማይችል እዚያው ቀርቶ ይበላል፤ በውስጡ ያለው ብረት ደግሞ ለአዲስ ሴል ሥራ ይመለሳል። ሴሉ ገና ሆኖ ውስጡ ትራፊ ነገር ከያዘ ጣፊያ ትራፊውን ብቻ ነቅሎ ሴሉን ይለቀዋል። ጣፊያው የወጣለት ሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዳንዱ ቀይ ሴል ውስጥ ሆዌል ጆሊ የሚባል ጠቆር ያለ ነጥብ የሚታየው ለዚህ ነው፤ የሚነቅለው የለማ! የጥራት ቁጥጥር ኮርስ ወስደናል፤ እንዲህ ያለ በር ግን በየትኛውም ፋብሪካ አልሰማንም። ሱብሓነላህ።

ከዚህ ሌላ ጣፊያ ጠባቂ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዙሪያቸውን የሚያንሸራትት ሽፋን ስላላቸው ሌሎች የሰውነት ጠባቂዎች በቀላሉ አይዟቸውም። ሳንባ ምችን የሚያመጣው ኒሞኮከስና ከማጅራት ገትር አምጪዎች ዋናው የሆነው ሜኒንጎኮከስ ከእነዚህ ናቸው። እነሱን ከደም ውስጥ ለቅሞ በማውጣት ጣፊያን የሚያህል የለም። በወባ ተሕዋስ የተያዘ ቀይ ሴልንም ያጣራል። ይህን ልብ በሉልን፤ የኋላው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ለዘመናት ሥራው አልታወቀም ነበር። ኢብኑ ሲና በ«አል-ቃኑን» ውስጥ ከግሪኮች በተወረሰው ትምህርት መሠረት ጣፊያን የጥቁር ሐሞት መቀመጫ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ጣፊያን የማውጣት ሐሳብ የመጣው ደግሞ፣ ማን ቢያመጣው ጥሩ ነው፣ ከተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ፕራግ ውስጥ ፖል ካዝኔልሰን የሚባል የሕክምና ተማሪ፣ ቀይ ሴልን የሚጨርሰው ጣፊያ ከሆነ ፕሌትሌትንም ሊጨርስ ይችላል ብሎ አሰበና ፕሮፌሰሩን ሽሎፈርን አሳመነ። ፕሮፌሰሩ የአንዲት ታማሚ ጣፊያ አወጡ፤ ፕሌትሌቷም ከፍ አለ። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሃሪንግተን የሚባል ወጣት ሐኪም የአይቲፒ ታማሚ ደም ወደ ራሱ ደም ሥር አስገባ። በሰዓታት ውስጥ የራሱ ፕሌትሌት ወደ ታች ወረደ፤ ለጥቂት ቀናትም አደጋ ላይ ነበር። ጥፋቱ ያለው በታማሚው ደም ውስጥ በሚዞር ነገር መሆኑ በዚያ ታወቀ። ዛሬ ማንም የምርምር ኮሚቴ ይህን አይፈቅድም፤ እኛም አንመክርም።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። መጀመሪያ የታዘዘለት ፕሬድኒሶሎን ነው፤ በርካሽ የሚገኝ፣ የመከላከያ ኃይሉን የሚያበርድ ኪኒን። ፕሌትሌቱ ወደ 80 ሺህ ወጣ፤ አልሐምዱሊላህ ተባለ። መጠኑ ሲቀነስ ግን ወደ 12 ሺህ ተመለሰ። እንደገና ተጨመረ፣ እንደገና ተቀነሰ፣ እንደገና ወረደ። በዚህ መሀል ፊቱ ከብቦ የሚያውቁት ልጆች እንኳ ካፌ ሰልፍ ላይ አልለይ እያሉት ያልፉ ነበር። ረሃቡ አይጣል ነው። እንቅልፍ የለም፤ «ተሐጁድ በመድኃኒት ተገኘ» እያለ ያስቀን ነበር። ያን ረመዳን ሐኪሞቹ ከልክለውት አልጾመም፤ በኋላ ቀዷውን አወጣ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር፣ ጾም መተዉ ከሕመሙ በላይ ከብዶት ነበር። ሱሑር ላይ እኛ ስንበላ ተነስቶ አብሮን ይቀመጣል። «አላህ የታመመውን ራሱ ፈቅዶለታል፤ አንተ ለምን ትከለክለዋለህ?» ያሉት ኡስታዝ ናቸው።

ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናውን ወዲያው ያላነሱት ሆን ብለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሽታው በራሱ የሚተዋቸው ሰዎች ስላሉ፣ ካልቸገረ በቀር አንድ ዓመት መጠበቅ ይመከራል። አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ፤ ሪቱክሲማብ አለ፣ መቅኔውን ይበልጥ እንዲያመርት የሚቀሰቅሱት ሮሚፕሎስቲምና ኤልትሮምቦፓግ አሉ። በሀብታም አገሮች ጣፊያ ማውጣት የቀነሰው በእነዚህ ምክንያት ነው። ግን በየወሩ እየተገዙ ለዓመታት የሚወሰዱ ሲሆኑ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ አቅም አይደሉም። ቀዶ ሕክምና አንዴ ይከፈልበታል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ አገር ውስጥ ውሳኔው የሕክምና ብቻ አይደለም፤ የኪስም ነው። ይህን ደብቀን ብንጽፍ ዋሽተናል።

ዓመቱ ሲሞላ የደም ሐኪሟ ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት። ጣፊያቸው ከወጣላቸው ከሦስት ሰዎች በሁለቱ ያህል ፕሌትሌቱ ተስተካክሎ ይቆያል። አንዱ ግን ጣፊያውንም ያጣል፣ በሽታውም አይተወውም። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር ምርመራ የለም። ያን ቀን ማታ ዶርም ውስጥ የተከራከርነውን ያህል ለፋይናል አንብበን አናውቅም። ሲቪል የሚማረው ጓደኛችን «በሁለት ሦስተኛ ዕድል የሚቆም ድልድይ ቢሆን ማንም አይፈርምበትም» አለ። ታማሚው ከአልጋው ላይ ሆኖ «የቆምኩበት ድልድይ እኮ አሁን እየፈረሰ ነው» ሲል መለሰለት። ልክ ነው፤ ፕሌትሌት እንዲህ ሲወርድ የሚፈራው የድድ ደም ሳይሆን፣ ብዙ ባይሆንም ሲያጋጥም የሚገድለው የአንጎል ውስጥ መድማት ነው።

እናቱ ከቆላ መጡ። እሳቸው ዘንድ ጣፊያ የታወቀ ነገር ነው፤ ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው ሲያብጥ ያውቃሉ። ልጃቸውን አስተኝተው ሆዱን ዳሰሱትና ለዶክተሯ «ይኸው ምንም አላበጠም፤ ምኑን ነው የምታወጡበት?» አሉ። ዶክተሯ ወንበራቸውን አቅርበው ተቀመጡ። «እማማ፣ ልክ ነዎት፤ አላበጠም። የልጅዎ ጣፊያ ሥራውን በትክክል ነው የሚሠራው። ሰውነቱ በራሱ ሴል ላይ የጠላት ምልክት እየለጠፈ ይልክበታል፤ እሱ ደግሞ ምልክት ያየበትን ሁሉ ይበላል።» እናቱ ዝም ብለው ቆዩና «አላህ ያለ ሥራ የፈጠረው አለ እንዴ?» አሉ። «የለም» አሉ ዶክተሯ። «ለዚህ ነው ከወጣ በኋላ ሥራውን ማን እንደሚሠራለት አሁን መነጋገር ያለብን።»

እኛ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዝነው ይህን መልስ ነው።

ኡስታዝ ለእናቱ የነገሯቸው በፊቅህ የታወቀውን መርሕ ነው፤ ሁለት ጉዳት ሲጋጠሙና አንዱ የማይቀር ሲሆን ቀላሉ ይመረጣል። ቀላሉ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ግን ሐኪሞቹ ናቸው ብለው ነገሩን ወደ ባለሙያው መለሱት። እሱም ኢስቲኻራ ሰገደና ፈረመ።

ከዚያ የክትባት ሩጫ መጣ። ሥራውን ማን ይሠራለታል ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ክትባት ነው። የኒሞኮከስ፣ የሜኒንጎኮከስና የሂብ ክትባት ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 2 ሳምንት አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ምክንያቱም ክትባቱን «አንብቦ» አንቲቦዲ በማዘጋጀት ጣፊያ ራሱ ስለሚሳተፍ፣ ሳይወጣ ቢማር ይሻላል። በሕፃንነቱ አልተከተበም ወይ የሚል ይኖራል። በአገራችን የሂብ ክትባት ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ደግሞ በ2011 ነው። የእኛ ዕድሜ ልጆች ከዚያ በፊት ሕፃንነታችንን ጨርሰናል። ስለዚህ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ነበር። የማጅራት ገትሩ ሐጅና ዑምራ የሚሄድ ሁሉ ግዴታ የሚወስደው ዓይነት ስለሆነ የት እንደሚገኝ ያመላከቱን ባለፈው ዓመት ሐጅ ያደረጉ አንድ አባት ናቸው። የኒሞኮከሱ ግን አስቸገረን፤ ከሌላ ከተማ በበረዶ ሣጥን ተይዞ መጣ። ገንዘቡ ከጀመዓው መዋጮ ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ አልተጻፈም፤ አሁንም አንጽፈውም።

ደም የሰጡት 11 ልጆች ናቸው፤ ሙስሊም ያልሆኑ የክፍሉ ልጆችም አሉበት። ከደሙ ተለይቶ የሚወጣው ፕሌትሌት እንደ ቀዩ ደም ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ በክፍል ሙቀት፣ ሳያቋርጥ እየተወዘወዘ፣ ለ5 ቀን ብቻ ይቆያል። እና የቀዶ ሕክምናው ዕለት ያስገረመን ነገር፦ ፕሌትሌቱ ዝግጁ ሆኖ ተሰቅሎ ሳለ ሰመመን ሰጪው አልከፈቱትም። ጣፊያው ገና ውስጥ ስለሆነ የሚገባውን ሁሉ ይበላዋል። ወደ ጣፊያ የሚሄደው ደም ቅዳ ከታሰረ በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ያኔ የሚበላው የለም። ይህን ከወጡ በኋላ ቆመው የነገሩን ቀዶ ሐኪሙ ናቸው። ሌላም ነገሩን። ከአሥር ሰዎች ቢያንስ አንዱ ከዋናው ሌላ፣ አተር ወይም ለውዝ የምታህል ትርፍ ጣፊያ ይኖረዋል። እሷ ከቀረች አድጋ ሥራውን ልትጀምርና በሽታውን ልትመልስ ስለምትችል ሆዱን ፈትሸው፣ አንዲት አግኝተው አብረው አውጥተዋል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል፤ የእሱ ግን በግራ ጎድኑ ሥር ረጅም ጠባሳ ያለው ነው።

እናቱ የወጣውን አካል ጠየቁ። ከሕይወት ካለ ሰው የተለየ አካል መቀበሩ የተወደደ ነውና ሊቀብሩት ነበር። ሆስፒታሉ መጀመሪያ ወደ ምርመራ ላከው፤ ከምርመራ የተረፈውን በኋላ ሰጧቸውና አንድ ዘመዳቸው ወስዶ ቀበረው።

በሳምንቱ ፕሌትሌቱ ከ400 ሺህ አለፈ። አሁን ደግሞ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ በሚል ሌላ ክትትል፣ ኪኒኑንም ቀስ በቀስ መቀነስ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከ180 ሺህ በታች ወርዶ አያውቅም። ከሁለቱ ወገን ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሦስተኛው ሰው ለሆኑት ሁሉ ዱዓ አድርጉ። አብሮት ተኝቶ የነበረ አንድ አባት ነበሩ፤ የእሳቸው አልተመለሰም።

እንግዲህ የእናንተ ድርሻ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች በሌላ የደም በሽታ፣ ቀይ ሴላቸው ድቡልቡል ሆኖ በቶሎ በሚሰበር በውርስ ሕመም፣ ጣፊያቸው የወጣላቸው ጨቅላ ሕፃናት በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን መያዛቸውን አሳወቁ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ጣፊያ ቢወጣም ምንም አይጎድልም ብሎ ያምን ነበር። አሁን የሚታወቀው፣ ጣፊያ በሌለው ሰው ላይ ያ ሽፋን ያለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከገባ ጠዋት ጉንፋን የመሰለው ነገር ማታ ነፍስ ሊወስድ እንደሚችል ነው። አያጋጥም ይሆናል፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያጋጥማቸው ይኖራሉ። ፍርሃቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበረታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ክትባቱ ይቀንሰዋል፤ ሁሉንም ዓይነት ግን አይሸፍንም።

ስለዚህ ወንድማችን ትኩሳት ካለው፣ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር የለም። ሎከሩ ውስጥ በላይኛው መደርደሪያ ላይ በሐኪም የታዘዘ አንቲባዮቲክ አለ፤ የመጀመሪያውን ይውሰድና ወዲያው ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። ኪኒኑ መንገድ ላይ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ሐኪሙ ሊያየው ሲመጣ መጀመሪያ የምትሉት ቃል «ጣፊያ የለውም» ነው፤ ስሙንም ባቹንም ከዚያ በኋላ ተናገሩ። ግራ ጎኑ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩ። ወረቀቱ ከአይዲው ጀርባ ነው።

አንዴ አጋጥሞናል። አምና ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ብርድ ብርድ አለው። ቴርሞሜትሩ 38.9 አለ። ፕሮክተሩን ቀሰቀስን፤ በር ላይ ጥበቃዎቹ ያለ ፈቃድ አይወጣም አሉ። ወረቀቱን አነበቡና አንደኛው ራሱ ባጃጅ ጠርቶ አስወጣን። ሆስፒታል ወዲያው ደም ተወስዶ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ተሰጠው። የወባውም ምርመራ ነጻ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ ደሙም ውስጥ ባክቴሪያ አልበቀለም። ምናልባት ጉንፋን ብቻ ነበር። አንዳንድ ልጆች «በከንቱ ተንከራተታችሁ» አሉን። እኛ እንደዚያ አናየውም፤ ጉንፋንና ሌላው በዚያ ሰዓት አይለዩም።

ወባው ሌላ ነው። ለእረፍት ቆላ ወደ ቤተሰቡ ሲወርድ ሐኪሙ የሚያዝለትን መከላከያ ከመሄዱ በፊት ይጀምራል፤ አጎበር ይዞ ይሄዳል። ከተመለሰም በኋላ ለሳምንታት ትኩሳት ከታየ የወባ ምርመራ ይጨመራል። ጣፊያ የሌለውን ሰው ወባ በፍጥነት ያከብደዋል። በካፌ ጀርባ ያሉት ውሾችም አሉ፤ ከውሻ ምራቅ የሚመጣ አንድ ባክቴሪያ ጣፊያ የሌለው ሰው ላይ ይከፋል። ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው፣ ትንሽም ብትሆን፣ የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ አንቲባዮቲክም ይፈልጋል።

ጾምን በተመለከተ ፈቅደውለታል፤ አምናም ዘንድሮም ሙሉውን ጾሟል። ትኩሳት ከመጣ ግን ያን ሰዓት ያፈጥራል፤ እሱ ራሱ እምቢ ሊላችሁ ይችላል፤ ያኔ ኡስታዝ ጋ ደውሉ፤ እሳቸው ያውቁበታል። ሌላው ነገር፣ «ጣፊያ የለውም» የሚለውን በግቢው ሁሉ ማውራት አያስፈልግም። የዶርሙ ልጆች፣ ፕሮክተሩና ሁለት የክፍሉ ልጆች ካወቁ ይበቃል።

ይህን ጽፈን ስንጨርስ አነበበውና አንድ ነገር እንድንጨምር ጠየቀ። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሲጫወት እንዳታዝኑለትና ኳሱን ዝም ብላችሁ እንዳታሳልፉት ነው። ተከላካይ ነው፤ ሁለት ልጆች ያውቁታል፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ጠይቋቸው።

ሎከሩ ውስጥ ያለው አንቲባዮቲክ የሚያበቃበት ጊዜ ጥር ነው። ታኅሣሥ ላይ በሐኪም ማዘዣ አዲስ ይገዛ፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ከጀመዓው ገንዘብ ያዥ ጋ በፖስታ ተቀምጧል።